ቲቸር ጽጌና የጉና ጠጉር

ቲቸር ጽጌ መሞቷን የሰማሁት ሐሙሲት ላይ ነው። የተሳፈርንበት አውቶቡስ ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ዳር ቆመን ሳለ፣ አብራኝ ኮሜርስ የተማረችው ዘውዴ ሽንኩርት ልትገዛ ወደ ገበያው ወርዳ ተመለሰችና፣ “ለካ ጽጌ አርፋለች፤ ሰምተሻል?” አለችኝ።

“የትኛዋ ጽጌ?” አልኳት። የትኛዋ እንደሆነች ግን ልቤ አውቆታል።

“የኛዋ ናት እንጂ። ቲቸር ጽጌ። ከፋሲካ በፊት ነው አሉ፣ ድሬዳዋ፣ ወንድሟ ዘንድ። እኔም አሁን ገበያ ውስጥ ነው የሰማሁት።”

“ታማ ነበር?”

“እንጃ። ማን ጠይቆ።”

ጎማው ተቀየረና ተሳፈርን። ዘውዴ ጥቂት ከንፈሯን መጠጠች፤ ከዚያ የሽንኩርቱን መወደድ ታወራኝ ጀመር። አልፈርድባትም። ደብረ ታቦር ላይ ስለ ጽጌ ማውራት ከተተወ ቆይቷል። ስሟን የሚያነሳ ቢገኝም በክፉ ነው የሚያነሳት። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ኮሜርስ ልታስተምረን ወደ እኛ የመጣችው አሥራ አንደኛ ክፍል በገባንበት መስከረም ነበር። ቀጭን ናት፤ ስትሄድ ትፈጥናለች። የደብረ ታቦር ብርድ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስላስደነገጣት የወንድ ሹራብ ገዝታ ከቀሚሷ በላይ ትለብስ ነበር፤ እጅጌው ረጅም ስለሆነ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ጠመኔው በሹራቡ ይጠረጋል። መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ያህላል። በመጀመሪያው ቀን ታደለ የሚባለው የክፍላችን አለቃ ተነሣና፣ “እርስዎ ከየት ነው የመጡት?” አላት።

“ከድሬዳዋ። አንቺ በለኝ ግን።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛ አገር ትልቅ ሰው አንተ አንቺ አይባልም፤ አስተማሪ ደግሞ ከትልቅም ትልቅ ነው።

“አትሳቁ” አለች። “አንቱ ያላችሁትን ሰው ‘ተሳስተሃል’ ማለት ይከብዳችኋል። እኔን ‘ተሳስተሻል’ ካላላችሁኝ ደግሞ አብረን ምን እንማራለን?”

ነገሩ በከተማው ወሬ ሆነ። አባቴ “ይቺ ሴት ልጆቻችንን ባለጌ አድርጋ ልትሄድ ነው” አሉ። እኛም አፋችን እስኪለምድ ብዙ ተንተባተብን። አንዳንዶቻችን ለመሸሽ ስንል “ቲቸር” ብቻ ብለን ግሡን እንውጠው ነበር።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስለ እሳቸው ስታወራ ፊቷ ይበራል። “ደንበኛው አዲሱን ኮት ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም ‘ቆንጆ ነው’ ይላል” ትለን ነበር። “አባቴ ግን አያምነውም። ‘እጅህን አንሣ’ ይለዋል። እጁን ሲያነሣ ብብቱ ሥር ይይዘዋል፣ ወይ ጀርባው ላይ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ነው ኮቱ የሚታወቀው። እጅ ወርዶ የሚያምር ኮትማ ማንም ይሰፋል።” ከዚያ በኋላ ማናችንም አንድ ነገር ጽፈን ይዘን ስንመጣ፣ ገና ሳታነበው “እጁን አንሥታችሁታል?” ትለናለች። ለሰው አሳያችሁት ወይ፣ ሰው ነቅፎት ያውቃል ወይ ማለቷ ነው።

በዚያ በደርግ ዘመን ትምህርትን ከምርት ጋር ማያያዝ የሚል መመሪያ ነበር። ሌላው ክፍል ጎመን ይተክላል፤ ሌላው ዶሮ ያረባል። ኮሜርስ የምንማረው ደግሞ አንድ የሥራ እቅድ አዘጋጅተን አንድ ኮሚቴ ፊት ቆመን እንድናስረዳ ታዘዝን። ኮሚቴው ከተቀበለው ገበያው አጠገብ ያለው ባዶ መጋዘንና የሥራ መነሻ ገንዘብ ይሰጠናል ተባለ። ነገሩ ለሌሎች ጨዋታ ቢመስልም ለእኛ ጨዋታ አልነበረም። ማትሪክ የወደቀ ልጅ የሚጠብቀው ቤት መቀመጥ ነው፤ ቤት የተቀመጠ ወንድ ደግሞ ለውትድርና ይታፈሳል። ሥራ ያለው ልጅ ምናልባት ይተርፋል የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው እውነት ይሁን ውሸት ያጣራ አልነበረም፤ ሁሉም ግን ይዞታል።

ሐሳቡን ያመጣው ታደለ ነው። ታደለ የገጠር ልጅ ነው፤ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ጆንያ ላይ ይተኛል። አንድ ቀን “ጉና ተራራ ላይ የበግ ጠጉር ሜዳ ላይ ይጣላል” አለ። “እኛ እዚህ በብርድ እናልቃለን። ጠጉሩን ገዝተን ባና አሠርተን ብንሸጥስ?” ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ካለ ለእንግዳ ነው የሚዘረጋው።

ታደለ አፉ ጥሩ ነው፤ እቅዱን እሱ እንዲያቀርበው መረጥነው። በመጀመሪያው ልምምድ ደረቱን ነፍቶ ቆመና፣ ከአብዮቱ ጀምሮ፣ በጭቁኑ ሕዝብ አልፎ፣ ጠጉር የሚለው ቃል ጋ ሲደርስ እኛ ደክሞን ነበር። ቢሆንም አጨበጨብን።

ጽጌ አላጨበጨበችም። “ያልወደደው ማነው?” አለች።

ሁላችንም ታደለን አየን።

“እሺ፣ ያልገባውስ?”

ዘውዴ ከኋላ እጇን አወጣች። “እኔ ቲቸር... ተኝቼ ነበር።”

ክፍሉ ሳቀ። ጽጌ አልሳቀችም። “የት ጋ ተኛሽ?”

“‘በሰፊው ሕዝብ የነቃ ተሳትፎ’ ሲል።”

“ታደለ፣ እሱን አውጣው።”

“መፈክሩን?” አለ ታደለ ደንግጦ። በሩንም ዞር ብሎ አየ።

“ዘውዴን ያስተኛትን” አለችው።

ያን ቀን ሕግ አወጣችልን። ሰው አስተያየት ሲሰጥ ባለ እቅዱ መመለስ አይችልም፤ መከራከር አይችልም፤ ይቅርታ እንኳ መጠየቅ አይችልም። “ሰማሁ” ብቻ ነው የሚለው። መልሱን ካደረበት በኋላ ያመጣል። ራሷም ሰው ሲነቅፍ መነጽሯን ታወልቅና ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ለምን እንደሆነ ዘውዴ ስትጠይቃት፣ “ፊቱን ካየሁ እናደዳለሁ። ካላየሁት የሚሰማኝ ቃሉ ብቻ ነው” አለቻት።

ከዚያ ወዲያ በከተማው ያልወደደውን ሰው ስንፈልግ ከረምን። መጀመሪያ የመጡልን ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ባና የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። የተማሪ መቀመጫ ላይ ተጣበው ተቀመጡና ታደለን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

“ደግ ነው” አሉ። “ደግ ነው ልጆቼ። ግን እናንተ ይህን ስትጀምሩ እኔ ወዴት ልሂድ?”

ታደለ “የለም ጋሽ እንድሪስ፣ እኛ እርስዎን...” ብሎ ሊቀጥል ሲል፣

“ታደለ” አለች ጽጌ።

ታደለ ምራቁን ዋጠ። “ሰማሁ” አለ።

ሳምንት ቆይተን እቅዱን ለውጠን ጠራናቸው። አሁን ሸማኔዎቹ የማኅበሩ አባላትና የሥራው መሪዎች ሆነዋል፤ እኛ ደግሞ ከእነሱ ሥር የምንማር ነን። ጋሽ እንድሪስ ጢማቸውን ዳበሱ። “እንግዲህ እኔንም ጻፉኝ” አሉ። ታደለ የዚያን ቀን በደስታ ጋሽ እንድሪስን እስከ ቤታቸው ሸኛቸው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሄድን። ታደለን ያከራዩት ሴትዮ “ሽታውን ምን ልታደርጉት ነው?” አሉ፤ ስለ ማጠቢያ ቦታ አሰብን። አንዲት ነርስ ስለ ቁንጫ ተናገረች። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ደግሞ ነገሩ እንደማይሆን፣ እኛም ብላሽ እንደሆንን ነግሮን ወጣ፤ ታደለ ለእሱም “ሰማሁ” አለው። እቅዱ በየሳምንቱ ያጥርና ይጠራ ነበር። ታደለም አብሮ ተለወጠ። ደረቱን መንፋት ተወ፤ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየ ቀስ ብሎ መናገር ለመደ። ቆሞ ሲናገር የማየው ልጅ ያ ጆንያ ላይ የሚተኛው አይመስለኝም ነበር።

“አሁን የቀሩት ባለ በጎቹ ናቸው” አለች ጽጌ። “ጠጉሩ የእነሱ ነው፤ እኛ ደግሞ እስካሁን ከእነሱ በቀር ሁሉንም ጠይቀናል።”

ጥር ላይ በጭነት መኪና እስከሚያደርሰን ድረስ ሄድን፤ የቀረውን በእግራችን ወጣን። ታደለ፣ ዘውዴ፣ እኔና እሷ ነን። የጉና ንፋስ ጥርስ ያረግፋል። ጽጌ ያን ትልቅ ሹራቧን ለብሳ፣ በየጊዜው እየቆመች፣ እየተነፈሰች ወጣች። ቅዳሴ ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ገበሬዎቹን አገኘናቸው። ታደለ ተናገረ። አሳምሮ ተናገረ። ማንም ግን አልተነፈሰም።

“ያልወደዳችሁት ካለ ንገሩን” አለች ጽጌ።

አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው፣ “ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ” አሉ። ሌላው ደግሞ ቀጠለ። “ስንት በግ አለህ ብሎ የጠየቀን ሰው ሁሉ ተመልሶ መጥቷል።”

ይህ ነገር አስደነገጠን። ጽጌ መነጽሯን አውልቃ ቆማለች። ያን ጊዜ እማሆይ ወለተ ማርያም ከሴቶቹ መካከል ወጡ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ አስማረ ከሚባል ጎልማሳ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በጎች አሏቸው፤ እንዝርትም አላቸው።

“ደግ ነገር ይዘሽ መጥተሻል” አሏት። “ደግ ነገር ግን ብቻውን አይመጣም። ከኋላው የሚመጣውን ታውቂዋለሽ?”

“አላውቀውም፣ እማሆይ።”

“እንግዲያው ይህን ጻፊ። ጠጉሩ በፈቃድ ይሁን። የሰጠ ይስጥ፣ ያልሰጠ ይቅር። እህሉን በኮታ ወሰዱ፤ በጓ ለእኔ የቀረችኝ ናት።”

“በፈቃድ ይሆናል” አለች ጽጌ።

“ብትምይልኝስ?”

ጽጌ መማል አትወድም። ለእማሆይ ግን በአባቷ ማለች። ከዚያ በኋላ የሰዉ አንደበት ተፈታ። የትኛው መንደር ነጭ ጠጉር እንዳለው፣ የት ጥቁሩ እንደሚበዛ፣ መቼ እንደሚሸለት፣ በማን በማን ቤት ብዙ በግ እንዳለ፣ ሁሉንም ነገሩን። ታደለ አንዱንም ሳይረሳ በቃሉ ያዘው። እማሆይ ቤታቸው አስገብተው የተቀቀለ ድንችና አዋዜ አቀረቡልን፤ ለጽጌ ደግሞ የባላቸውን በርኖስ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ስንወርድ ታደለ እየዘፈነ ነበር የወረደው። እኔም ነገሩ የሚሆን መሰለኝ። ያ ቀን ከእሷ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀኖች ሁሉ ደስ የሚለው ነው፤ ዛሬ ሳስበው ግን የሚያመኝም ያው ቀን ነው።

ኮሚቴው ፊት የቆምነው ግንቦት ላይ ነው። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሊቀ መንበሩ ለስለስ ያለ ድምፅ ያላቸው፣ ሰው ሲናገር ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሰው ናቸው። ከእኛ በፊት ያቀረቡት ተማሪዎች መፈክር ብቻ አሰምተው ወርደዋል። ታደለ ሲወጣ እንዳስለመደችው ተናገረ፤ ጆንያ ላይ ስለሚተኙት ልጆች ጀመረ፣ ጋሽ እንድሪስን አነሣ፣ የጉናን ሰዎች አነሣ። ሲጨርስ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ተቀምጠው በጋቢያቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

“እጅግ ጥሩ ነው” አሉ ሊቀ መንበሩ። “እስቲ ልጠይቅህ። ብዙ ጠጉር ያለው የትኛው መንደር ነው?”

ታደለ ነገራቸው። ምንም አትደብቅ፣ የምታውቀውን አውቃለሁ፣ የማታውቀውን አላውቅም በል ብላ ያስተማረችው እሷ ናት።

“በአንድ ቤት በአማካይ ስንት በግ ይገኛል?”

ይህንንም ነገራቸው። አጠገባቸው ያለው ሰው ይጽፋል። ጽጌን ዞር ብዬ አየኋት፤ ወንበሯ ጫፍ ላይ መጥታ ነበር።

“እንግዲህ ኮሚቴው አስተያየት አለው” አሉ ሊቀ መንበሩ። “ጠጉሩ በፈቃድ የሚለው ለሥራው እንቅፋት ነው። በኮታ ይሁን። ሸማኔዎቹም በየቤታቸው ያለውን የሽመና ዕቃ ወደ መጋዘኑ ያስገቡ።”

ጽጌ ተነሣች። “ጓድ ሊቀ መንበር፣ በፈቃድ የሚለው ከወጣ እቅዱ የለም።”

“ጓድ መምህርት” አሉ ድምፃቸው እንደ ለሰለሰ፣ “ልጆቹን ‘አስተያየት ተቀበሉ’ እያልሽ የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?”

ጥቂት ሰው ሳቀ። እሷ ግን እንደ ተማሪ ቤት መነጽሯን አላወለቀችም፤ ፊት ለፊት አየቻቸው።

“‘አልተቀበልኩትም’ ማለት ሲቻል ነው አስተያየት የሚባለው” አለች። “ይህ ትእዛዝ ነው። እኔ ለሰዎቹ ምዬላቸዋለሁ። እቅዱን መልሱልን።”

“እቅዱማ የሕዝብ ነው” አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከክፍል ጠርተው ወሰዷት። የት እንደወሰዷት አልተነገረንም። ክረምቱ ገብቶ ስትመለስ ከስታ ነበር፤ መነጽሯም የለም። የት እንደቀረ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሌላ መነጽር ደብረ ታቦር ላይ አይገኝም። በሚቀጥለው ዓመት ያስተማረችን ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ እያስጠጋች ነው። ማናችን እንደሆንን የምታውቀው በድምፃችን ነበር። እጃችንን ስናወጣ ስለማታይ ማውጣቱን ተውነው፤ ቀስ በቀስ መናገሩንም ተውነው።

የጠጉር ኮታው ከመስቀል በኋላ ወረደ። ታደለ በቆጠረላቸው መንደሮች ላይ፣ በቆጠረላቸው ልክ። የሌለው ከጎረቤት ገዝቶ እንዲያመጣ ተገደደ። ጠጉሩ በእርጥቡ እየተጠቀጠቀ መጣና መጋዘኑ ውስጥ ተከመረ። የጋሽ እንድሪስ የሽመና ዕቃ በሌላው ጥግ ተጥሏል። መጋዘኑ ቁልፍ ተደረገበት፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ለስብሰባ ጎንደር ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ተቀየረ ተባለ። ጠጉሩ ሸተተ። ወደ ትምህርት ቤት የምንሄደው በዚያ በኩል ስለሆነ ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን እንሮጣለን። ጽጌ ግን ሳትሮጥ፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ታልፍ ነበር። አንድም ባና አልተሠራም።

ጋሽ እንድሪስ ዕቃቸው ከተወሰደ በኋላ በር ላይ ተቀምጠው ይውሉ ጀመር። ጽጌ ልትጠይቃቸው ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። አልተቆጧትም። “ተቀመጪ” አሏት። “አላህ ያመጣው ነው።” ተቀመጠች። እኔ ቢቆጧት ይሻል ነበር ብዬ አስብ ነበር።

ታደለ ማትሪክ አልፏል ወይስ ወድቋል ሳይባል፣ ውጤቱ ሳይመጣ፣ ገበያ ላይ ታፈሰ። ያመጣው እቅድ የሚያስቀርለት መስሎት የነበረው ይህንኑ ነበር። ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም። እናቱ ሐዘን መቀመጣቸውን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ታደለ ከሄደ በኋላ ጽጌ “ጉና እንሂድ” አለችኝ። “ብቻዬን ዱካውን አላየውም።”

“ሄደን ምን እንላለን ቲቸር?”

“እንጃ። ግን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ አፍ ይስሙት።”

እጇን ይዤ ወጣን። በመንገዱ ላይ ያየነው በግ ጥቂት ነው። አንዱ እረኛ እንደነገረን፣ ብዙው ሰው በጉን አርዶ በልቶታል፤ ቀሪውን በርካሽ ሸጦታል። ኮታው በበጉ ልክ ከሆነ በጉ አይኑር ብለው ነው። እማሆይ ወለተ ማርያም ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ በረዶ ሊጥል ነው።

“እማሆይ፣ እኔ ጽጌ ነኝ” አለች።

“አውቄሻለሁ።”

“ቃሌን አልጠበቅሁም።”

“አልጠበቅሽም” አሉ። “አንቺ እንዳላዘዝሽው እናውቃለን። ግን ከፊታቸው የመጣሽው አንቺ ነሽ። ልጄ፣ ለነፍስሽ እጸልያለሁ፤ ቤቴ ግን አትግቢ።”

እኛ አገር እንግዳ ከደጅ አይመለስም፤ ጠላትም ቢሆን ዝናብ ሲመጣ ይገባል። ጽጌ ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች። ከመታጠፊያው ሳንደርስ በረዶው ወረደብን። መጠለያ ዛፍ እንኳ አልነበረም። ነጠላዬን ራሷ ላይ ልጥል ስል እጄን ገፋችው። መኪና መንገዱ ጋ እስክንደርስ ራሷን ሳትሸፍን ሄደች። እዚያ ደርሰን ድንጋይ ላይ ስንቀመጥ፣ “ልክ ናቸው” አለች።

ዝውውሯ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ ሩቅ ቆላ፣ የጽሕፈት መኪና ብቻ እንድታስተምር። ዘውዴና እኔ ልንሸኛት መናኸሪያ ሄድን። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊት ለፊቷ ቆመን ሳለ አላወቀችንም፤ ዝም ብላ በእኛ በኩል ታያለች። ዘውዴ አለቀሰች። በለቅሶዋ አወቀቻትና፣ “ዘውዴ ነሽ? አብራሽ ያለችው ማናት?” አለች። ስሜን ነገርኳት። ሁለታችንንም ጉንጫችንን ዳበሰችና ተሳፈረች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ሞቷን ከሰማሁ በኋላ በዚያው ክረምት የባለቤቴ ዘመድ ሞቶ ለለቅሶ ጉና ሥር ሄጄ ነበር። እማሆይ ወለተ ማርያም ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸውን አስማረን ለቅሶው ቤት አገኘሁት። ሸምግሏል፤ ጥርሱ ረግፏል። አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ “አያ አስማረ፣ ቲቸር ጽጌን ታስታውሷታላችሁ?” አልኩት።

“የትኛዋን?”

“ከታደለ ጋር መጥታ የነበረችውን። መነጽር የምታደርገዋን።”

“ያቺ የጠጉሯ?” አለ።

“አዎ። አርፋለች።”

“ነፍስ ይማር” አለ። እኔም ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ኮሚቴው ፊት ቆማ እንደተከራከረች፣ እቅዱን መልሱልን እንዳለች፣ ወስደው እንዳሠሯት፣ መነጽሯን እንዳጣች። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር፤ እንዳመነኝም አየሁ።

“ምስኪን” አለ። “እንዲህ መሆኑን እናቴ ብትሰማ ደግ ነበር።” ደግሞ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ልጅ ገርሞት ነው የሚያየኝ።

“እንዲህ የምታስብልን ሰው ከሆነች ግን” አለ፣ “ምን ሆና ነው መጥታ ስለ በጎቻችን የጠየቀችን?”